ከአፌ አንዲት ቃል አይሰማም

ጥቅምት 14

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ እንደምን ናቸው? እኛ ከአንቺ ናፍቆትና ከአባቴ ቀልድ በስተቀር ደህና ነን። ወንድምሽ ስለሆነ ቀልዱን ታውቂዋለሽ፤ አሁንም ያችኑ አንዷን ነው የሚነግረን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ የምትነጂው አውቶቡስ ጎማው አይተንፍስ፣ ተሳፋሪው አይጩህብሽ። አሜን በዪ።

ሰላምታው እዚህ ይብቃን። አባትሽ፣ አባባ፣ «የደብዳቤ ግማሹ ሰላምታ ነው» ይላሉ። በእሳቸው ዘመን ግን ሙሉው ሰላምታ ስለነበር፣ ሰው መሞቱ የሚነገረው ፊርማው ሥር ቦታ ከተረፈ ነው።

ስልክ እያለ ለምን ጻፍሽ እንዳትዪኝ፣ ስልኩ ያለው ሳሎን ነው። አባባ ደግሞ ሲጠሯቸው አይሰሙም እንጂ ሲያሟቸው ከሱቃቸው ሆነው ይሰማሉ። ነገሩም የእሳቸው ነገር ነው። አባትሽ በሰባ አራት ዓመታቸው እንግሊዝኛ መማር ጀምረዋል! አስተማሪያቸው እኔ ነኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኼ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ መጠረዣ ሱቃቸው ጠሩኝ። መጽሐፍ ማጥበቂያው ላይ ተደግፈው፣ ሙጫ በነካው ጣታቸው «በሩን ዝጊው» አሉኝ። በእኛ ቤት በር ተዘግቶ የሚነገር ነገር ቁጣ ነውና በዚያ ሳምንት የሠራሁትን ጥፋት በልቤ ቆጠርኩ። አራት ነበር።

«ልጅ በእንግሊዝኛ ምንድነው?»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሁለቱንም ንገሪኝ።»

«ሰን። ዶተር።»

«የልጅ ልጅስ?»

«ግራንድ ሰን፣ ግራንድ ዶተር።»

ክር የሚስቡ መስለው፣ «የሴት ልጅ ባል?» አሉኝ።

«ሰን ኢን ሎው። ልጅ በሕግ እንደ ማለት ነው።»

«በሕግ? ፍርድ ቤት ነው የወለደው?»

ከዚያ የአጎት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ ወንዱም ሴቷም፣ በእናትም በአባትም በኩል፣ ሁሉም «ከዝን» ነው ስላቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼ ስንፍና ነው» አሉ። «አንድ ቃል ጥለውበት ሄዱ።» ቢሆንም ከመጽሐፍ ጠርዝ ከተከረከመ ቀጭን ወረቀት ላይ ጻፏትና የመነጽራቸው ቤት ውስጥ ደበቋት። አሁን መነጽር ቤቱ ስለሞላ መነጽሩ ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚያድረው።

ቤቱን በሙሉ ነገሩ ሸትቶታል። አባቴ «ሊሰደዱ ነው» ይላል። እናቴ ደግሞ ጡረታ የወጣችውን የሰፈራችንን መምህርት ጠርጥራለች፤ «በአንድ ወር ሦስት መጽሐፍ አስጠረዘች! ሰው እንዲህ ያነባል?» ትላለች። እኔ ግን ምስጢር አላወጣም ብያለሁ። አንቺ ሩቅ ስለሆንሽ አትቆጠሪም።

የእኛ መማሪያ መጽሐፍ ለዘመድ የሰጠው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ አባባ በሁለት ቀን ጨረሱት። የቤተሰብና የትዳር ቃላት፣ አባባሎችም ካሉ፣ ቶሎ ላኪልኝ። ተማሪዬ ይቸኩላል።

ያንቺው ጦጢት


ኅዳር 9

ለጦጢት፣ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ምላስሽን እንዳስረዘመው ፈጣሪ ዕድሜሽንም ያርዝምልኝ። እኔም ልጆቼም ደህና ነን። ወንዱ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ሴቷ ስድስት ናት፣ ሁለት ጥርስ ጥላ አሁን በአፏ ታፏጫለች።

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ተርሚናል ቆሜ ነው። የሚቀጥለው ሾፌር መስኮቱን እስኪያንኳኳ ድረስ ሰዓቴ ማለፉን አላወቅሁም።

የጠየቅሽኝን ልኬያለሁ። ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተሳፋሪ የለቀምኩት ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለት እህትማማቾች ከኋላዬ ይቀመጣሉ፤ ያልመጣ ወንድማቸውን ሲያሙ «ብላክ ሺፕ» ይሉታል። ከቤተሰቡ መሀል ያፈነገጠው፣ ጥቁሩ በግ ማለታቸው ነው። ልጅ አባቱን ሲመስል «ላይክ ፋዘር፣ ላይክ ሰን» ይባላል። ሰው ሲያገባ «ታይ ዘ ኖት» ነው፤ ቋጠሮውን ቋጠረ እንደ ማለት። የተጣላ ሲታረቅ «በሪ ዘ ሃቸት»፣ መጥረቢያውን ቀበረ ይባላል። በቤቱ አዛዡ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ደግሞ «ሱሪውን የሚለብሰው ማነው?» ይላሉ። ይኼኛውን እናትሽ ፊት እንዳትዪው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የልጅ ባል ያሉሽን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቁሽ ወይስ ደግመውታል?

አባትሽ ነግሮሽ ይሆናል፤ በሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ ልንመጣ አስበናል። ትኬቱን እስከ መጋቢት 15 ማረጋገጥ አለብኝ። ሦስት ይሁን አራት ገና አልወሰንኩም። ሰው ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ሰላምታ የሚመልስለት ከሌለ ምን ይሠራል? ባለቤቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ሰላም ይላል፣ ሰላም ይሉታል። እንዲያ ለምዷል።

ይኼን ለአባባ አትንገሪ። እግራቸው እንዴት ነው?

አክስትሽ


ኅዳር 24

ለአራት ትኬት ቆራጯ አክስቴ፣

(ገና አልወሰንኩም ብለሽ የለ? እኔ ወስኜልሻለሁ።)

እንደምን አለሽ? ጥርሷን ለጣለችው ልጅሽ ጥርሷ እንደ በረዶ ነጭ ሆኖ ይብቀልላት። የአባባ እግር ደህና ነው፤ የሚያማቸው ሥራ ሲታዘዙ ብቻ ነው።

ጥያቄሽን ልመልስ፦ ሰባት ጊዜ። ሰን ኢን ሎውን ሰባት ጊዜ ጠይቀውኛል። አንዴ ስፔሊንጉን፣ አንዴ «ሲጠሩት እንዲሁ ነው ወይስ የሚጨመር ማዕረግ አለው?» ብለው፣ ሌላውን ጊዜ ደግሞ የረሱ መስለው።

ያንቺን አባባሎች ግን በምን ዓይን እንዳዩዋቸው! መጥረቢያ የመቅበሩን ነገር ስነግራቸው «ቀብረውት በምን ይፈልጣሉ? ይዝጋል እንጂ» አሉ። ጥቁሩን በግ «በጓን ማን ጠየቃት?» ብለው ሰረዙት። የልጅና የአባቱን «እኛም እኮ አባቱ ዳኛ፣ ልጁ ቀማኛ እንላለን፤ የእነሱ አባባል ይኼን አላየም» አሉ። ቋጠሮው ላይ ግን ቆዩ። መርፌውን ወረቀት ላይ ሰክተው እንዲህ አሉኝ፦ «መጽሐፍ ስትሰፊ አንዱን እጥፍ ወረቀት ከሌላው ጋር የሚያይዘው ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው ከተበላሸ ከላይ የሚያምር ቆዳ ብታለብሽው ዋጋ የለውም። ይኼን ያለው ሰው ጠራዥ ነበር።» ይኸው፣ ከእንግሊዝኛ አንዲት አባባል አለፈች።

ያስቆጣቸው «ዩ» ነው። አንተም አንቺም እርስዎም እናንተም ሁሉም ዩ ነው ስላቸው፣ «ለአያቱም ለድመቱም?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ያንን ቀን ትምህርት የለም ብለው ሱቁን ዘጉ።

ሱሪውን እናቴ ፊት እንዳትዪ ብለሽኝ ነበር። እራት ላይ አልኩት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን አየ። እናቴ የጨው ዕቃውን ከፊቱ አንስታ ራሷ ጋ አኖረችው። ጥያቄው ተመለሰ።

አሁን ወደ ቁምነገሩ። ያልተወሰዱ መጻሕፍት መደርደሪያ ትዝ ይልሻል? ሰው ለመጠረዝ ሰጥቶ ሳይመለስ የቀረባቸው፣ ከመስኮቱ በላይ ያሉት። አባባ እስከ ዛሬ አንዱንም አልሸጡም። በየቅዳሜው በደረቅ ጨርቅ ይወለውሏቸዋል። ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ ከስድስት ዓመት በኋላ ብቅ አለ። ከበሩ ሳይገባ «ዘግይተሃል!» ብለው ጮኹበት። ሰውዬው ሊሸሽ ምንም አልቀረውም። እሳቸው ግን መሰላል ወጥተው፣ መጽሐፉን አውርደው፣ አቧራ የሌለውን አቧራ እፍ ብለው ሰጡት። «ጠፍቶ ቢሆን ምን እላለሁ ብዬ ነው እኮ ያልመጣሁት» ሲላቸው «እኔ ጋ የተቀመጠ ነገር ይዘገያል እንጂ አይጠፋም» አሉት። ላላስቀመጡለት ሰው «ዘግይተሃል» አይሉም፤ «ሱቁ ዝግ ነው» ነው የሚሉት።

ትናንት ከዚያ መደርደሪያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውርደው ሲያነቡ ደረስኩባቸው። መዝገበ ቃላት ነው፤ እንግሊዝኛ በአማርኛ። ቡናማ ቆዳ፣ አዲስ ስፌት። ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አለ፦ «ፈተና ላይ ይመጣል!!!» አክስቴ፣ የሦስት ቃለ አጋኖ ሴት አንድ አንቺን ነው የማውቀው። ከሽፋኑ የተንጠለጠለችው ወረቀት «ባለቤት፦ ልጄ። የሚወሰድበት ቀን፦» ትላለች። ቀኑ ባዶ ነው።

ጊዜው ነው ብዬ ደፈርኩ። «አባባ፣ ሰውዬውን ሊያናግሩት ነው?» አልኳቸው። (በቤታችን ባለቤትሽ «ሰውዬው» ነው፤ ይቅርታ።) መዝገበ ቃላቱን ከደኑትና «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉ።

ገረመኝ። የማያናግሩት ከሆነ ሰባት ጊዜ ለምን ጠየቁ? ቶሎ ጻፊልኝ።

ጦጢት


ጥር 30

ለጦጢት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

መዝገበ ቃላቱን ሥራ ፍለጋ ስወጣ ነው አባባ ጋ ትቼው የመጣሁት። ጀርባው ተገንጥሎ ነበር። «ጠርዘው ይላኩልኝ» አልኳቸው። በሁለተኛው ዓመት አገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ ላኩልኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም። ጥለውታል ብዬ ነበር።

አንቺ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽና የሆነውን አታውቂም። ሳላማክራቸው አገባሁ። ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ በስልክ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አባት እንደ ጎረቤት ከሠርግ በኋላ አይሰማም። ያሉኝን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ፤ ቃል በቃል ይኸውልሽ፦ «ያ ሰውዬ ከአፌ አንዲት የአማርኛ ቃል አይሰማም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።» ከዚያ ወዲህ ስደውል «ጤና ነሽ? ልጆች ጤና ናቸው? ስልኩ ይቆጥራል» ብለው ለወንድሜ ያቀብሉታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኩ ቆጠረ።

አባቴን አውቃቸዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሞኝ አይደሉም፣ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወረቀት ጋር ኖረዋል። ስለዚህ አንቺም ተስፋ አታብዢ፣ እኔንም አታስጎምጂኝ።

ባለቤቴ አማርኛ መማር ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ አላዘዝኩትም። ማቀዝቀዣው በር ላይ ቃላት ለጥፏል። ጠዋት ጠዋት የጎረቤታችንን ድመት «እንደምን አደሩ?» ይላታል፤ ለድመት እንኳ አንቱታ። ይኼንን ሰው ይዤ ሄጄ፣ አፋቸውን የዘጉ ሽማግሌ ፊት አቁሜ፣ ልጆቼ እያዩ… አልችልም። እነሱን ብቻ ይዤ ልምጣ ብል ደግሞ አባታቸው ለምን እንደቀረ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ?

ትኬቱን ልተወው ነው። ለሌላ ዓመት ይሁን።

አክስትሽ


የካቲት 12

አክስቴ!

ሰላምታውን በሚቀጥለው ደብዳቤ እጥፍ አድርጌ እከፍልሻለሁ። ትኬቱን እንዳትተዪው!

የአባባን ቃል እንደገና አንብቢው። እኔ አምስት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ምን ቃል ነው ያሉት? «የአማርኛ!» እንግሊዝኛ መሐላው ውስጥ የለም!

ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ሙጫ እያበጃጁ ነበር።

«አባባ፣ እንግሊዝኛ አልናገርም ብለው አልማሉም፣ አይደል?»

ብሩሹን ሙጫው ውስጥ ተዉት። አባባ ብሩሽ ሙጫ ውስጥ ሲተዉ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

«ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት።»

«በሩን ዝጊው።»

ዘጋሁት።

«ቃሌ አልተሻረም» አሉ። «አማርኛ ከአፌ አይሰማም አልኩ፤ አይሰማም። ያልኩትን ብበላ ነገ ማን ያምነኛል?»

«ከኔና ከአክስቴ ሌላ ይኼን መሐላ የሚያውቅ ማን አለና ነው?»

«እኔ አለሁ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ቃል ከሚሸመድዱ በምልክት ቢያናግሩት አይቀልም ነበር?»

«ጦጣዋ አንቺ ነሽ። ምልክቱን ላንቺ ትቼዋለሁ።»

እንዲህ ናቸው እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን! እኛ ስንሳሳት «ይቅርታ» በሉ ይሉናል፤ አንዲት ቃል ናት። እሳቸው ይቅርታ ላለማለት አንድ ሙሉ ቋንቋ ይማራሉ።

እሑድ የካቲት 30 በእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደውዪ። ስልኩን ባለቤትሽ ይያዘው። አማርኛ ከጀመረ አታስቁሚው፤ የማለው የአባባ አፍ ነው እንጂ ጆሯቸው አልማለም። እሳቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱለታል። የአባባ እንግሊዝኛ ከድንጋይ የተፈለፈለ ስለሆነ ታገሥ ብለሽ ንገሪው። ምን እንደሚሉት ግን እኔም አላውቅም። «የመጨረሻዋን ቃል ራሴ ፈልጌ አገኛታለሁ» ብለው መዝገበ ቃላቱን ይዘው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቷቸዋል፦ ሰን ኢን ሎው ሲያገባ ካልታየ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላም ሰን ኢን ሎው ነው ወይ? አዎ ብያቸዋለሁ። ተሳስቻለሁ?

ጦጢት


መጋቢት 3

ለጦጢቴ፣

አልተሳሳትሽም።

ሰላምታዬ ለቤቱ በሙሉ ይድረስ፤ ለወንድሜ፣ ለእናትሽ፣ ሱሪውን ለሚለብሰውም ላልለበሰውም። ስልኩ ላይ የሆነውን በዚያ በኩል አይተሻል፤ በዚህ በኩል ያለውን ደግሞ እኔ ልንገርሽ።

ባለቤቴ ለስልክ ሸሚዝ ተኮሰ። አያዩህም ስለው «ድምፄ ውስጥ ይታወቃል» አለ። ወጥ ቤት ቆሞ፣ አንድ እጁን ማቀዝቀዣው ላይ ጭኖ፣ «እንደምን ዋሉ፣ አባባ?» አለ። ከዚያ ገጽ ሲገለጥ ሰማን። ልጆቹ እጄን ይዘውኛል። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ደንበኛ የሚቆጡበት ድምፅ፣ «ሰን ኢን ሎው» አለ። ሌላ ገጽ ተገለጠ። «ዩ አር ሌት!» ዘግይተሃል!

ምስኪኑ ባሌ ግድግዳ ሰዓቱን አየና አይቶት የማያውቀውን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ፤ «በተባልኩት ሰዓት ነው የደወልኩት፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ!» እኔ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጫለሁ። እያለቀሰች ነው እንዳይሉኝ እስቃለሁ፤ እየሳቀች ነው እንዳይሉኝ ደግሞ ፊቴን በፎጣ ይዣለሁ። ልጄ «ማሚ፣ አያታችን ተቆጡን?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ተቆጡን። እንደዚህ ደስ የሚል ቁጣ ገና ይመጣልሻል አልኳት።

ማታ ለባለቤቴ ስለ መደርደሪያው አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ማቀዝቀዣው ላይ አዲስ ወረቀት ለጠፈ፦ «ዘግይቻለሁ።» ጠዋት ድመቷን እሱን ሲላት ሰማሁት።

አራት ትኬት ቆርጫለሁ። ሐምሌ 3 እንገባለን።

አክስትሽ


መጋቢት 20

ለውድ አክስቴ፣ ለተከበረው ሰን ኢን ሎው፣ ለሁለቱም ከዝኖቼ፣

እንደ ባሕር አሸዋ የበዛ፣ እንደ አባቴ ቀልድ የማያልቅ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። (የካቲት ላይ የተበደርኩት ሰላምታ ተከፈለ።)

በእኛ በኩል ደግሞ እንዲህ ነበር። አባባ ለስልክ ኮት ለበሱ። መዝገበ ቃላቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሳሎን ተቀመጡ። አባቴና እናቴ ከበሩ ጀርባ ተደብቀዋል፤ ሁለቱም አንዱ ቀዳዳ አልበቃቸው ብሎ ሲገፋፉ በሩ ይንቀጠቀጣል። ባለቤትሽ «እንደምን ዋሉ» ሲላቸው አባባ ደነገጡ። አማርኛ ይመጣል ብለው አላሰቡም ነበር፤ እኔም አልነገርኳቸውም (አምስተኛ ጥፋቴ ነው)። አፋቸው ተከፈተ። «እግዚአብሔር ይመስ…» ሊሉ ነው! አየሁ፣ አባባ ከአሥራ ሁለት ዓመት ቃላቸው ሊወጡ ነው። ከዚያ በእጃቸው አፋቸውን ያዙና ገጹን ፈለጉ።

የቀረውን ሰምታችኋል።

ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ አባቴ ገብቶ «ለመሆኑ ምን አለዎት?» ሲላቸው፣ ኮታቸውን እያወለቁ «ልጁ አማርኛው ትንሽ ይቀረዋል» አሉ። አባቴ ማንን ነው የሚሉት ብሎ እኔን አየኝ። እናቴ ግን ገብቷት ወደ ውስጥ ሄደች፤ መኝታ ቤት አንሶላ ስትቆጥር ሰማኋት።

በማግስቱ «አባባ፣ ያኔ የማሉት ቢቆጭዎት ነው አይደል ይኼ ሁሉ?» አልኳቸው። «የምን መቆጨት! አማርኛ ብዬ የማልኩት እኮ አውቄ ነው። በር ትቼ ነው የማልኩት» አሉኝ። ውሸታቸውን ነው። ያን ቀን በሩ ቀርቶ መስኮቱንም አላዩትም። ግን አንቺ እመኛቸው፤ አባትሽ ናቸው።

መዝገበ ቃላቱ ወደ መደርደሪያው አልተመለሰም፤ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። «ባለቤቷ እስክትመጣ ልጠቀምበት» ብለዋል። አሁን ለልጆቹ የሚሆን እየለቀሙ ነው፤ ጥርስ፣ ኳስ፣ ድመት፤ የድመቷን ነገር ስለነገርኳቸውም «ድመቷን ለምን አንቱ ትላላችሁ?» የሚለውን ጭምር። ከሽፋኑ የተንጠለጠለችውን ወረቀት ዛሬ አየኋት። ቀኑ ተሞልቷል። ሐምሌ 3፣ በቀለም ነው የጻፉት፤ እርሳስ ይጠፋል ብለው።

ስትመጪ ገና ከበሩ እንደሚጮኹብሽ ታውቂያለሽ። በሩን እኔ ነኝ የምከፍተው፤ ቶሎ እንዳትገቢ። ቆመሽ እስከ መጨረሻው ስሚያቸው።

አስተማሪያቸው ጦጢት